አድራሻው ያው፣ ባለቤቱ ሌላ

ውባየሁ ከቡና ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ሥር ወድቆ የተገኘው ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አስከሬኑ ሳይነሳ ቦንጋ ከተማ ፈርዳ ጨርሳ ነበር፤ «ራሱን አጠፋ» ብላ።

ምክንያትም አላጣችም። የገበሬውን የጫካ ቡና ማሳ የሚመዘግበው ፕሮግራም የሱ ሥራ ነው፤ ከዋጫ እስከ ሺሺንዳ ያለው ቢሮ ሁሉ የሚያወርደውም እሱ ከከፈተው ድረ ገጽ ነበር። ሰኞ ገጹ ተጠለፈ፤ አድራሻው ያው፣ መልኩ ያው፣ ባለቤቱ ግን ሌላ። ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሮቹ እንደ ልማዳቸው ከዚያው አድራሻ ማሻሻያ አወረዱና የገበሬውን መዝገብ እንደያዙ ተቆለፉ።

ኢንስፔክተር ግዛቸው የሟቹን ጥፍሮች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ በረንዳው ላይ ወጥቶ የብረቱን አረንጓዴ ቀለም በጣቱ ዳሰሰ።

ረቡዕ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በዚያ ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩትን ሦስቱን ሰበሰበ፤ ሥራ አስኪያጁን ጋሽ ኢሳይያስን፣ የመዝገብ ሠራተኛዋን ናዝራዊትንና ፕሮግራሙን ከሟቹ ጋር የሠራውን ሳምሶንን። የሟቹ ሚስት ሠናይት ቆማለች።

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለች። «ራሱን ላጠፋ ፍትሐት የለም ብለውኛል ቄሶቹ። እባክዎ ቶሎ ይበሉ።»

«ገበሬውን ጉድ ሠርቶ ደግሞ ፍትሐት?» አለ ሳምሶን።

«አንተ ዝም በል! በቁሙ ስትቀናበት ኖረህ!» አለች ናዝራዊት።

«ጠበቃው መቼ ሆንሽ?»

ጋሽ ኢሳይያስ ጠረጴዛውን መቱ። «ሬሳ ሳይቀበር ትናከሳላችሁ?»

«ጥፍሩ ውስጥ የበረንዳው ቀለም አለ» አለ ግዛቸው። «ሊዘል የቆረጠ ሰው ብረት ላይ ሙጥኝ አይልም። ተገፍቷል። ጋሽ ኢሳይያስ፣ የርስዎ ኮምፒውተር?»

«ተቆልፏል።»

«የኔም» አለች ናዝራዊት።

«የኔ ተርፏል» አለ ሳምሶን። «ጠዋት ከማንኪራ መንደር ስገባ የሁሉም ተቆልፎ አገኘሁ፤ የኔን ሳልከፍት ቀረሁ። ዕድል ነው።»

«ትናንት በባለሙያ አስከፍቼዋለሁ። ማሻሻያ እንዳያወርድ ተደርጓል፤ እሁድ ዕለት። ገጹ የተጠለፈው ግን ሰኞ ነው» አለ ግዛቸው።

«እና ይሄ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን የገጹን የይለፍ ቃል የምታውቁት አንተና ውባየሁ ብቻ ናችሁ። የውባየሁ ኮምፒውተር እንደ ሌላው ተቆልፏል፤ ገጹን አሳልፎ የሰጠው እሱ ቢሆን የራሱን ያተርፍ ነበር። ያን አድራሻ ሁሉም አመነው፤ አስቀድመህ ያላመንከው አንተ ብቻ ነህ።»

የሟቹን ስልክ ሳምሶን ፊት ደቀነ። ለሳምሶን የተላከ የመጨረሻ መልእክት ነበር፤ «ያንተ ለምን አልተቆለፈም? በረንዳው ላይ እጠብቅሃለሁ።»

ሳምሶን ተነሣ። «አብረን ነው የሠራነው! የሚነሣው ግን የሱ ስም ብቻ! እሱን አዋርዳለሁ ብዬ እንጂ...»

ሠናይት አላየችውም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች፤ ስምንት ተኩል። ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች፤ ደረጃውን ስትወርድ በስልክ የምትናገረው ድምፅዋ ወደ ላይ ይሰማ ነበር።

«አባ፣ የፍትሐቱን መጽሐፍ ይግለጡ። ባሌ አልዘለለም።»