ፀሐይ ጠልቃ የፈላው ውሃ

እኔ በተአምር ላምን ይቅርና፣ ተማሪ ‹‹ቲቸር፣ ቡዳ በላኝ›› ቢለኝ ‹‹ቁርስህን ብላ›› የምል የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፣ ስለዚህ መጀመሪያ ስሙኝ፣ ከዚያ ሳቁብኝ።

ቡሬ፣ ከኮሌጃችን ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ውሃን በፀሐይ ሰንጥቄ ሃይድሮጂን የሚባለውን ነዳጅ ላወጣ ስታገል ከረምኩ። ዘዴው ቅንጣቱ በዓይን የማይታይ የናኖ ዱቄት ነው፣ መስታወት ላይ ይቀባል፣ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ፀሐይ ስትመታው አረፋ ይሰጣል። ለእኔ ግን አንድም ቀን አልሰጠም። በማግስቱ ደግሞ ገምጋሚዎች ይመጣሉ፣ ካላሳየኋቸው ክፍሏ የወንበር መጋዘን ልትሆን ነው።

ተስፋ ቆርጬ ጥግ ላይ ከነበረው ቢጫ ጀሪካን የተጣራ ውሃ ቀድቼ መስታወቱ የተነከረበትን ቀየርኩ። ሰማዩ ጠቁሮ ዋለ፣ ፀሐይዋም ገባች፣ መብራት እንደ ልማዱ ጠፍቷል። በሩን ልቆልፍ ስል ከኋላዬ ‹‹ትስስ›› የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ ነው ብዬ ዞርኩ። እመኑኝ፣ አረፋው እንደ ጉሽ ጠላ እየተግተለተለ ይወጣል! ፀሐይ የለ፣ መብራት የለ፣ ታዲያ ማን ነው የሚያሠራው? ክብሪት ጭሬ ቱቦው አፍ ላይ ሳስጠጋ ‹‹ጧ!›› አለ። ሃይድሮጂን! ፈራሁም፣ እልል አልኩም፣ ሁለቱንም ባንድ አፍ።

ጠዋት ገምጋሚዎቹ ፊት ‹‹ጧ!›› ሲል አንደኛው ከነወንበሩ ተገለበጠ፣ ከዚያ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ክፍሌ ተረፈች፣ ደስታዬን የት ላድርገው!

እንግዶቹ እንደወጡ ባልደረባዬ ይበልጣል ጀሪካኑን አየና ደርቆ ቀረ።

‹‹ኧረ በማርያም! ይኼ እጀታው ላይ ክር ያለበት የእናቴ ጠበል አይደል? ኸገበዝ ማርያም አስመጥቼ እዚህ አስቀምጬው ነበር።››

‹‹ታዲያ ትናንት ምን ይዘህ ሄድክ?››

‹‹ያንቺን የተጣራ ውሃ ነዋ! በጥድፊያ...››

‹‹እናትህ ጠጡት?››

‹‹ጠጡት እንጂ። ስንት ጊዜ ኸአልጋ ያልወረዱት ሴትዮ ዛሬ ‹ማርያም ማረችኝ› ብለው ገበያ ወጥተዋል።››

እሺ፣ ጠበሉ ውስጥ ያለ ማዕድን ዱቄቱን ረዳው እንበል፣ አሁን በፀሐይ በሌላም ውሃ ይሠራልኛል። ጨለማውንስ ምን ልበለው? እናቱንስ?

ይበልጣል እውነቱን ሊነግራቸው አልደፈረም። ከቀናት በኋላ ውሃው ሲያልቅ ባዶ ጀሪካን ይዞ መጣ። ‹‹ኸዚያው ኸመጣበት አስሞላልኝ ብለውኛል›› አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ከተጣራው ውሃዬ ቀዳሁለት። ፀሐይ ገብታ ነበር። ውሃው ሲንዶቀዶቅ ከኋላዬ ያቺ ‹‹ትስስ›› ተሰማችኝ፣ አልዋሻችሁም፣ ሳልዞር አማተብኩ።