የባዶ ክፍሎች ቆጣሪ

ሬሳዋ የተገኘው በምድር ቤቱ የወንበር መጋዘን ውስጥ ነው። በሩ ሥር ተደፍታለች። ጭንቅላቷ ከኋላ ተፈንክቷል፤ የጣቶቿ አንጓዎች ተላልጠዋል። በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር።

ሟቿ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ቆጣሪ ናት። በየሰዓቱ በየክፍሉ ብቅ ብላ ስንት ወንበር እንዳለና ስንቱ ላይ ሰው እንደተቀመጠ ትጽፋለች። አዲስ ሕንጻ ከመገንባቱ በፊት፣ ያለው በቅጡ ያገለግል እንደሆነ ይታወቅ ተብሎ ነው።

የጓጉንቸሩ ቁልፍ አንድ ሰው ጋ ብቻ ይገኛል። ሃያ ሁለት ዓመት በሕንጻው ያገለገሉት ሽማግሌ ቁልፍ ያዥ ረፋዱ ሳይደርስ ካቴና ገባላቸው።

መርማሪዋ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ትናንት ከሰዓት መጋዘኑን ማን ከፈተው?"

"እኔ።"

"ማን ቆለፈው?"

ካቴናቸውን ቁልቁል አዩ።

"አባባ፣ ዝምታ ለበግም አልበጃት። የተጠረጠሩት በነፍስ ግድያ ነው።"

"አልቆለፍኩትም ልጄ። ወንበር ሳመላልስ ጓጉንቸሩን ክፍቱን ሰቅዬው ወጣሁ። የመጨረሻውን ወንበር አድርሼ ስመለስ ተቆልፏል። ራሴ የቆለፍኩት መሰለኝ። ክፍቱን መተው ከሥራ ያስባርራል፤ ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት።"

መርማሪዋ ጓጉንቸሩን አንስታ በአውራ ጣቷ ጫን አለችው። ቀጭ አለ። ለመክፈት ቁልፍ ይፈልጋል፤ ለመቆለፍ ግን ጣት ይበቃዋል።

አለቃዋ አልተዋጠለትም። "እስከ ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ካላመጣሽ ክሱ በሽማግሌው ላይ ይከፈታል" አላት።

መጀመሪያ ዲኑን ጠረጠረች፤ ከሟቿ ጋር ኮሪደር ላይ ሲጨቃጨቁ ታይተዋል። ግን ዲኑ ከሰዓቱን ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ ሰባት ሰው መስክሮላቸዋል።

የቀራት በሟቿ ቦርሳ ውስጥ የተገኘው የሳምንቱ ቆጠራ ብቻ ነው። ሃያ ክፍሎች፣ በየሰዓቱ ጢም ብለው ሞልተዋል። ወረቀቱን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ክፍል አምስት በወረቀቱ ላይ አርባ ሰው አለበት። እውስጥ ያገኘችው የጽዳት ሠራተኛዋን ነው።

"ትናንት እዚህ ትምህርት ነበር?"

"ኧረ እቴ! አቧራውን የምጠርገው እኔ፣ የማቦነውም እኔ። ዓመቱን ሙሉ ማንም አልተማረበትም።"

መርማሪዋ ሦስተኛ ፎቅ ደረሰች። ሰባት። ስምንት። አሥር። ተመልሳ ቆጠረች። ሰባት፣ ስምንት፣ አሥር።

"ዘጠኝማ የለም" አለች ተከትላት የወጣችው የጽዳት ሠራተኛዋ። "ባለፈው ዓመት ግድግዳው ፈርሶ ከስምንት ጋር ተቀላቅሏል።"

በወረቀቱ ላይ ግን ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ሠላሳ ስምንት ተማሪ ቁጭ ብሏል። በእግሩ የሚዞር ቆጣሪ ይህን አይጽፍም። የሚጽፈው ከቢሮው ሳይወጣ የድሮ ዝርዝር ይዞ የሚሞላ ሰው ነው።

ክፍል ደልዳዩን አስጠራችው። ለየትምህርቱ ክፍል የሚመድበው እሱ ነው። ከረባቱን አስተካክሎ መጣ፤ ሲያልፍ መምህራኑ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉለት።

"ዘጠኝ ቁጥርን ሊያሳዩኝ ይችላሉ?"

"ምን ችግር አለው!"

ከፊቷ ቀደመ። ስምንትን አለፈ። አሥር ጋ ደረሰና ቆመ። ተመለሰ። ግንባሩ በላብ ተጠመቀ።

"በየት በኩል ነበር..."

"ሠላሳ ስምንት ሰው ያስቀመጡበት ክፍል እንዴት ይጠፋዎታል?"

ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

"ከሃያው አሥራ አንዱ ባዶ ነው፣ ለቦርዱ ላስረክብ ነው አለችኝ። እኔ የሞላሁትን ይዤላት ሄድኩ። መጋዘን ወንበር ስትቆጥር አገኘኋት። ይሄን አስገቢ ብላት እምቢ አለች። ገፋኋት፤ ጭንቅላቷን የወንበር ብረት መትቷት ወደቀች። ወረቀቱን ቀይሬ ወጣሁ።"

"ለባዶ ክፍል ብለህ?" አንቱታው ከአፏ ጠፋ።

"ክፍል የለም ስል ፕሮፌሰሩ ሁሉ ደጄ ይቆማል። ባዶ ክፍል ተትረፍርፏል ከተባለ እኔን ማን ይፈልገኛል?"

"ስትቆልፍባት በሕይወት ነበረች?"

"በሩን ትደበድብ ነበር" አለ ዓይኑን ሳያነሳ።

መርማሪዋ በሥራ ዘመኗ ሰው መምታት ያማራት ያን ቀን ብቻ ነው። እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት የሽማግሌውን ካቴና ራሷ ፈታችላቸው።

"አባባ፣ ነፃ ነዎት። ባለቤትዎ ውጭ እየጠበቁዎት ነው።"

አልተነሱም።

"አንኳኩታ ነበር?"

ልትዋሻቸው ፈለገች። አልሆነላትም።

"አዎ።"

"እኔ እኮ ላይ ነበርኩ። ባዶዎቹን ክፍሎች በወንበር ሙላ ብሎ ደልዳዩ አዞኝ፣ የወንበሩን ብረት ሲሚንቶ ላይ ስጎትት ምን ይሰማኛል?" ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። "ማን ሊቀመጥበት ነው ልጄ? ማን ሊቀመጥበት?"

ባለቤታቸው ከውጭ ስማቸውን ይጠራሉ። ሽማግሌው ግን ለረጅም ጊዜ አልወጡም።