በጣቴና በምስሉ መካከል

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

ዕለቱ ሐሙስ ነበር። ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ። ቦታው ደቡብ ሕንድ፣ አራንሙላ በምትባል መንደር፣ መስታወት የምንሠራበት ክፍል ውስጥ።

የእኛ መስታወት ከብርጭቆ አይደለም። መዳብና ቆርቆሮ አቅልጠን፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ በዘይትና በጨርቅ እንፈትገዋለን።

የብርጭቆ መስታወት ላይ ጣታችሁን ብታሳርፉ፣ በጣታችሁና በምስሉ መካከል ክፍተት ታያላችሁ። ብርሃኑ የሚመለሰው ከብርጭቆው ጀርባ ነዋ። የእኛ ግን ከላይ ከፊቱ ነው የሚመልሰው። ጣትና ምስል ይነካካሉ።

ያን ቀን የጨረስኩት የታናሽ እህቴ የአምቢሊ ነበር። በማግስቱ ልትዳር ነው፤ በእኛ ወግ ደግሞ ሙሽራ ያለ እንዲህ ያለ መስታወት አትዳርም።

ለመፈተን ጥፍሬን አሳረፍኩበት።

ክፍተት አለ...

የሩዝ ፍሬ የምታህል።

ወለወልኩት። ደግሜ ነካሁት።

ሰፍቷል።

«አባባ... እስቲ ይቺን እዩልኝ።»

አሠሪዬ ሽማግሌው ኩታፓን ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጣትሽን አንሺ» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ምንድን ነው?»

«አንሺ አልኩሽ! ቀስ ብለሽ...»

አነሳሁ።

መስታወቱ ውስጥ ያለችው እኔ ግን ቀድማኝ አንስታ ነበር።

በዚህ መሐል አምቢሊ እየሳቀች ገባች። «እቴቴ፣ ምን ሆነሻል? የራስሽ መልክ አስደነገጠሽ እንዴ?»

«አትንኪው!»

አልሰማችኝም። ጣቷን አሳረፈችበት። ጣትና ምስል ገጠሙ። ምንም ክፍተት የለም።

እፎይ አልኩ።

አምቢሊ ጣቷን አነሳች።

ምስሉ አላነሳም።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አሏት አባባ። ድምፃቸው አይሰማም ማለት ይቻላል። «ጨፍኚ፣ ልጄ...»

መስታወቱን አንስተው ከድንጋይ ጋር አላተሙት። እንደ ሸክላ ተሰባበረ።

«ምን አረጋችሁ?! ነገ ሠርጌ ነው እኮ!»

ስታለቅስ አመሸች። ከጎረቤት ሌላ ተውሰን ዳርናት። ዛሬ ደህና ናት፤ ሴት ልጅም ወልዳለች። የዚያን ቀን ነገር ካነሳሁባት ግን ተነስታ ትወጣለች።

ስብርባሪውን አባባ አንድም ሳያስቀሩ መልሰው አቀለጡት። ያለቀ መስሎን ነበር።

ግድግዳውን ያየሁት እኔ ነኝ።

መስታወቱ ግድግዳው ላይ የጣለው የብርሃን ክብ... አልጠፋም።

መስኮቱን ዘጋን። አልጠፋም።

በኖራ ቀባነው። ኖራው ሲደርቅ በላዩ ላይ ወጣ።

ስድስት ዓመት ሆነው።

ሰሞኑን ደግሞ ክቡ መሐል የእጅ ጥላ ይታያል። እንደሚቆጥር ሰው፣ ጣቶቹን በቀን አንድ አንድ ያጥፋል።

ትናንት አንድ ጣት ብቻ ቀርቶት ነበር።