ችካል አይበርደውም

ኔቬና ፍሬን ይዛ ዞር ስትል ያሰን ከኋላዋ እየመጣ ነበር። መምጣት አልነበረበትም።

በሳይክል ቡድናቸው ደንብ መሠረት መንገዱ ሁለት ቦታ በተከፈለ ቁጥር ከመሪው ቀጥሎ ያለው ሰው እዚያው ይቆማል። በእጁ መታጠፊያውን እያሳየ፣ ቀይ ሰደርያ የለበሰው የመጨረሻው ሰው እስኪያልፍ ንቅንቅ አይልም። እንዲህ የሚቆመውን ሰው «ችካል» ይሉታል። መሪያቸው ስታመን አቧራም ይሁን በረዶ ንግግሩ ያው ነው፤ ችካል አይበርደውም፣ ችካል አይርበውም፣ የችካል ሽንቱ አይመጣም። መገንጠያ ላይ ችካል ከሌለ ደግሞ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ቀጥ በል።

የዚያን ቅዳሜ ዝናብና ጉም ነበር። ስታመን ቀጥታ የሚወርደውን ድንጋያማ ቁልቁለት ስለፈራው ወደ ቀኝ ታጠፈ። መገንጠያው ላይ ችካል እንዲሆን የቀረው ያሰን ነበር።

«ሁሉም አለፉ እንዴ?» አለችው ኔቬና።

«እየመጡ ነው ባክሽ። ጣቶቼ ደንዝዘዋል» አለና አልፏት ወረደ።

መመለስ ትችል ነበር። ግን የእሷም ጣቶች ደንዝዘው ነበር፤ ታች የተራራው ማረፊያ ቤት ውስጥ ደግሞ የቦሎቄ ሾርባ አለ። ወረደች።

ሾርባው ሳያልቅ ስልክ ተደወለ። ቀይ ሰደርያ ለብሰው የነበሩት ጋሽ ትሪፎን፣ ጡረታ የወጡት የጥርስ ሐኪም ናቸው። አብራቸው ገና በዝናብ ነድታ የማታውቀው ትንሿ ሚና ነበረች። መገንጠያው ላይ ሰው ሲያጡ በደንቡ መሠረት ቀጥ አሉ። ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ሚና ወድቃ የትከሻዋ አጥንት ተሰበረ።

ማታውኑ ሁሉም ተሰብስበው ሳለ ያሰን ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ። ቆሜ ነበር፣ በእጄም አሳይቻቸዋለሁ፣ ጋሽ ትሪፎን አይተውኝ ነው ቀጥ ያሉት አለ። ጋሽ ትሪፎን ማንንም አላየሁም አሉ። ትንሽ ቆይተው፣ ጉም ነበር አሉ። ሦስተኛ ሲጠየቁ ምናልባት አይቼ ረስቼው ይሆናል አሉና መሬት መሬት ያዩ ጀመር። እህታቸው ከመሞቷ በፊት መርሳት ይዟት እሳቸውን «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ትላቸው እንደነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ይህን ያነሳባቸው ሰው የለም። ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ እሳቸውን ጮክ ብሎና ቀስ ብሎ ያናግራቸው ጀመር፤ ጆሯቸው ግን ምንም አልነበረበትም።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ኔቬና ያሰንን ጥግ ይዛ እውነቱን ተናገር አለችው።

«አታካብጂ። ሰውዬው እንደሆነ ዘንድሮ ሊያቆሙ ነበር» አላት። «እኔ ግን ብናገር ስታመን ያባርረኛል። የሚና አባትስ? ላሽ በይው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺስ ብትሆኚ? አይተሽኝ አይደል ዝም ብለሽ የወረድሽው?»

ይሄኛው እውነት ነበር። ሁለት ቀን አፏን ዘጋው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋሽ ትሪፎን ደጃፋቸው ላይ ሳይክላቸውን በቧንቧ ውሃ ሲያጥቡ አገኘቻቸው። ጠሯት። ቀዩን ሰደርያ አጥበውና አጥፈው አስቀምጠውት ነበር፤ ለስታመን አድርሺልኝ ብለው ሰጧት። ሰኞ ልጃቸው ጭንቅላታቸውን ልታስመረምር ወደ ሶፊያ ከተማ ትወስዳቸዋለች።

«የሰው ጥርስ ስንት ነው ብለው ከጠየቁኝ እንኳ አልፋለሁ» አሉ። ኔቬና ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። እሳቸውም አላዩዋትም፤ ጎማው ላይ ያለውን ጭቃ በጣታቸው ይፍቃሉ።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ከፊት ነበርሽ» አሉ። «ልጁ እዚያ ቆሞ ነበር፣ አይደል? መሳሳትስ ማንም ይሳሳታል። የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ባዶውን መገንጠያ አሁንም እንደ ፎቶ አየዋለሁ። ማንም የለበትም። እህቴም እንደዚህ ነበር የምትምለው።»

ኔቬና ሰደርያውን እንደያዘች ቆመች። ያሰን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። ሳይክል መንዳት ያስተማራት እሱ ነው።

ሰደርያውን ኮርቻው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ጋሽ ትሪፎን፣ መገንጠያው ላይ ማንም አልነበረም። ያሰን ከኋላዬ መጥቶ አልፎኝ ወረደ። እኔም እያየሁ ዝም ብዬ ወረድኩ።»

ሽማግሌው ቧንቧውን ዘጉ።

«አንዴ ድገሚልኝ» አሏት።

ደገመችላቸው። ከዚያ ስታመን በዚህ ሰዓት እቤቱ ይኖር እንደሆነ ጠየቀቻቸው።