ሰሌዳው ላይ የቀረው ቁጥር

ሚዙኖ ሰኞ አመሻሽ ላይ ከቢሮው አምስተኛ ፎቅ ወድቆ ሞተ። ኮምፒውተሩ ላይ አጭር ጽሑፍ ተገኘ፦ «ዛሬ ካዩን መቶ ሰዎች የገባልን አንድ ብቻ ነው። ይህን ውርደት አልችለውም።»

በጃፓኗ ፉኩኦካ ከተማ ያለው ያ ቢሮ ሦስት ሰው ብቻ ነበረው። ሰዎች በኢንተርኔት ሲፈልጉ፣ ማስታወቂያ ሳይከፈልበት የወጣውን የደንበኛቸውን ገጽ ካዩት ውስጥ ስንቱ ነክቶ እንደገባ ሚዙኖ ይለካል፤ ኒሺዋኪ የገጹን ርዕስ ታሳምራለች፤ አለቃው ታናቤ ይቆጣል። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተሰልፈው ይቆሙና ሚዙኖ አዲሱን ቁጥር ሰሌዳው ላይ ይጽፋል።

መርማሪ ኩሮዳ ስትደርስ ሰሌዳውን ማንም አልነካውም፤ «ከመቶ አንድ» እንዳለ ነው፤ መስኮቱም እንደተከፈተ ዝናብ ያስገባል። የሚዙኖ ሚስት ቺዙ፣ ሰኞ ጠዋት ተጣልተው «ከዚህ ሥራ ካልወጣህ ቤት እንዳትመጣ» ብላው እንደነበር ተናገረች። የገደልኩት እኔ ነኝ ብላ ደምድማለች፣ ምስኪን። ኒሺዋኪ ደግሞ በሩን እያየች በሹክሹክታ አንድ ነገር አወጣች፦ ታናቤ ገጹን እየነኩ ቁጥሩን የሚያሳብጡ ሰዎች ቀጥሮ ነበር፤ ሚዙኖ ደርሶበት ማክሰኞ ለደንበኛው ሊናገር ነበር።

ኩሮዳ ሁሉንም ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«አቶ ታናቤ፣ ይህ ቁጥር የየትኛው ቀን ነው?»

«የሰኞ ነዋ። ፊቴ ነው የጻፈው።»

ኒሺዋኪ ቀና አለች። «የቅዳሜ ነው እንጂ። የፍለጋው ቁጥር ሁለት ቀን ዘግይቶ ነው የሚደርሰን።»

ታናቤ አራት ዓመት ሙሉ በቁጥሩ ሲፎክር የየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ ጉድ ነው መቼም።

«ጽሑፉ ‹ዛሬ› ይላል» አለች ኩሮዳ። «ሚዙኖ የቅዳሜውን ቁጥር የዛሬ አይለውም፤ የሚለካው እሱ ነው። ወይዘሪት ኒሺዋኪም ታውቃለች። ወይዘሮ ቺዙ ሰሌዳውን ዛሬ ገና ማየታቸው ነው። ቁጥሩን አይተው ቀኑን የሚሳሳቱት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ጽሑፉንም የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

ታናቤ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ስሜን ሊያጠፋ ነበር» አለ በቀስታ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወረዱ።

ኩሮዳ ወደ ቺዙ ዞረች። «ቦርሳው ውስጥ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ አግኝተናል፤ የተጻፈው ሰኞ ነው። ወደ ቤት እየመጣልዎት ነበር።»

ቺዙ ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችው።

«እኔ እኮ» አለች፣ «ያን ቀን ሩዝ የቀቀልኩት ለራሴ ብቻ ነው።»