ሰዓቱን ሳያቆም

ሮቤ ላይ ሰው ለመግደል ከዚያ ዓርብ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል የተሻለ ጊዜ አይገኝም ነበር። ባጃጅ የለም፤ ሱቁ ዝግ ነው፤ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ እንኳ ፊሽካውን ኪሱ ከቶ ሻይ ቤት ገብቷል። የገሰራው ልጅ ቱፋ በዓለም ሻምፒዮና፣ በወንዶች አራት መቶ ሜትር ግማሽ ፍጻሜ ሊሮጥ ነው። ባሌ ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው ሞልቷታል፤ አንድ ዙር ብቻ ሮጦ እንዲህ የሚያስጨንቃት ግን አይታ አታውቅም። እናም ከተማው በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩሎ ነበር፤ የልጁ አሠልጣኝ ደጀኔ ሲቀር።

ደጀኔ ያሠለጠነው ልጅ ሲሮጥ አያይም። ልቡ አይችልም ይሉታል፤ እሱ ግን «ማየት ለሚያጨበጭብ ሰው ነው» ይል ነበር። በከተማው ዳር ወዳለው የልምምድ ሜዳ ብቻውን ይሄድና፣ ልጁ በሚሮጥበት መስመር መነሻ ላይ ሯጭ እግሩን ተደግፎ የሚነሣበትን የመነሻ ብረት አስቀምጦ አጠገቡ ይቆማል። የውድድሩ ሰዓት ሲደርስ በእጁ የያዘውን የሩጫ ሰዓት መቁጠሪያ፣ ስቶፕዎቹን፣ ያስነሣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሩጫውን በሐሳቡ ይሮጠዋል፤ ልጁ ጨረሰ ባለበት ቅጽበት ሰዓቱን ያቆማል። ቱፋ ሆቴሉ ገብቶ ሲደውል የመጀመሪያ ጥያቄው ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ጋሼ፣ ስንት አሉ?» ደጀኔ ከእውነተኛው ሰዓት ግማሽ ሰኮንድ ርቆ አያውቅም።

ዓርብ ዕለት ግን ደጀኔ ወደ ቤቱ ሳይመለስ ቀረ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሚስቱ ወለተሥላሴ ልትጠራው ሄደች። ስምንተኛው መስመር መነሻ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ አገኘችው፤ ማጅራቱ ተመትቷል። አልጮኸችም። ነጠላዋን አልብሳው ለፖሊስ ደወለችና አጠገቡ ተቀመጠች።

የመጣችው ኢንስፔክተር ዙሀይራ ናት። የጊኒር ልጅ ናት፤ ብዙ አትናገርም፤ ስትናገርም ሰው ደስ ይበለው ብላ አይደለም። ተንበርክካ የሟቹን ቀኝ እጅ አየች። ጣቶቹ ስቶፕዎቹን ጨብጠዋል፤ ቁጥሩ እየሮጠ ነው። ስልኳን አውጥታ ሁለቱን ጎን ለጎን አነበበች። ስልኩ አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ ይላል፤ ስቶፕዎቹ አንድ ሰዓት ከአርባ ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰኮንድ። ሁለቱንም ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ አዝራሩን ግን አልነካችውም።

የሜዳው ጥበቃ መሳይ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«አንተ የት ነበርክ?»

«ሻይ ቤት።»

«ሜዳውን ጥለህ?»

«እርስዎስ የት ነበሩ፣ ኢንስፔክተር?»

ዙሀይራም ጣቢያ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ነበረች። መሳይ ሳይጠየቅ ቀጠለ። «ያ ቀይ ካርድ ሲወጣ ቱፋን አባረሩት ብዬ ሞቻለሁ። ማን ሜዳ ያስባል?»

የመነሻ ብረቶቹ የሚቀመጡበት የቆርቆሮ ክፍል ቁልፍ የለውም። ስምንት ብረቶች በየምስማራቸው ተሰቅለዋል። ከመጨረሻው ሥር፣ ወለሉ ላይ፣ ሦስት የደም ጠብታዎች ነበሩ። ዙሀይራ ብረቱን በጨርቅ ይዛ አወረደችው። እግር የሚያርፍባቸው ሁለቱ ክንፎቹ ወለም ዘለም አሉ።

«ይሄ ተሰብሯል?»

«የለም» አለ መሳይ በሩ ላይ ቆሞ። «ሲሰቀል ቡሎኑ ይላላል፤ አለዚያ ዝጎ ይጣበቃል። የጋሽ ደጀኔ ሕግ ነው። አትሌቶቹም ይረሱታል፤ ሁልጊዜ ይቆጣቸዋል።»

አስከሬኑ ሲነሣ ወለተሥላሴ ዙሀይራን ክንዷን ያዘቻት። «ቱፋ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደውላል። እዚያ እኩለ ሌሊት አልፎ ነው፤ ቢሆንም ሳይደውል አይተኛም። እሁድ ፍጻሜ አለበት። ደጀኔ ከሌለ እስከዚያ በስልክ የሚመክረው ከሦስታችን አንዱ ነው፤ እኔ፣ የቱፋ ወንድም፣ ወይ ምክትል አሠልጣኙ በእውቀቱ። ደጀኔ እዚያ ሜዳ ብቻውን እንደሚቆም የምናውቀውም እኛው ነን።»

«ምን ልርዳዎት?»

«ስልኩ ከመጮሁ በፊት የገደለውን ንገሪኝ። የገዳዩ ድምፅ የዚያ ልጅ ጆሮ ውስጥ እንዳይገባ።»

ይህን ስትል ዓይኗ ደረቅ ነበር። ገና አልገባትም። እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ አይገባም።

ዙሀይራ የደጀኔ ሳሎን ገብታ አንድ በአንድ ጠየቀች። ጥያቄዋ ለሁሉም አንድ ነው፤ «ሩጫውን ንገሩኝ።» ከባለቤቱ ጀመረች።

«ጎረቤት ቤት ሆኜ ነው ያየሁት» አለች ወለተሥላሴ። «አንዱ ከሽጉጡ ቀድሞ ወጣና መልሰው ጠሯቸው። ካርድ የያዘው ሰውዬ ወደ ቱፋ ሲመጣ ልቤ ቀጥ አለ፤ ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። እልልታ ስሰማ ነው የተመለስኩት።»

«ሰው አይቶዎታል?»

«ማን ይወጣል በዚያን ሰዓት?»

ሜዳው ከአጥሩ የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ዙሀይራ ጻፈች።

የቱፋ ታላቅ ወንድም ዓብዱልፈታሕ እህል ነጋዴ ነው፤ ወፍራም፣ ድምፁ የሚያስተጋባ ሰው። ዛሬ ግን በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ኢንስፔክተር፣ ከሰው ከሚሰሙ እኔው ልንገርዎት። ትናንት ኦቦ ደጀኔን ገበያ መሐል ሰድቤዋለሁ። ልጁ አዲስ አበባ ክለብ ይግባ ብዬ፤ እሱ ገና ነው አለኝ።»

«ሩጫውንስ?»

«ቤቴ፣ ብቻዬን። ያ ካርድ ሲወጣ፣ ወላሂ፣ ሪሞቱን ግድግዳው ላይ ፈጠፈጥኩት። ለካ ከቱፋ ጎን ላለው፣ ለሰባተኛው መስመር ሰውዬ ነው። ሪሞቱ ተሰብሮ ወድቋል፤ ሰው ልከው ያስዩት።»

ሰው ላከች። ሪሞቱ ተሰብሮ ተገኘ፤ ሪሞት ግን መቼ እንደተሰበረ አይናገርም።

ምክትል አሠልጣኙ በእውቀቱ ወሬውን ሰምቶ ከጎባ የመጣው ዘግየት ብሎ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ቱታው ሁልጊዜ የተተኮሰ። ወንበሩ ላይ ተስተካክሎ ተቀመጠ።

«ጎባ ነበርኩ። ሻይ ቤት፤ መቀመጫ አልነበረም።»

«ሩጫውን ይንገሩኝ።»

«ሽጉጡ ሲተኮስ ቱፋ በደንብ ወጣ። የመጀመሪያውን ሁለት መቶ ሳይቸኩል ሄደ። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ትከሻው ጠጠረ፤ ሁልጊዜ የምነግረው ነው። የመጨረሻው ሃምሳ ላይ ሦስተኛውን አልፎ ሁለተኛ ገባ። አርባ አራት ሰኮንድ ከሰባ አንድ።»

«ጥሩ አድርገው አይተዋል።»

«ሥራዬ ነው።»

«ከዚያስ?»

«ዘፈን። ትከሻቸው ላይ ተሸከሙኝ።»

ዙሀይራ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቱፋን ማን ነው ያገኘው?»

በእውቀቱ የቱታውን እጅጌ አስተካከለ። «እኔ። ገሰራ፣ የትምህርት ቤት ውድድር ላይ፣ በላስቲክ ጫማ ሲሮጥ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻዬን ይዤው ነው ለጋሽ ደጀኔ ያመጣሁት።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እርስዎ። አሁን ነገርኩዎት።»

ዙሀይራ በረንዳው ላይ ወጥታ ለጎባው ሻይ ቤት ባለቤት ደወለች። ከደጅ የስንዴው ማሳ ላይ ነፋሱ ይተማል። የሚያወራው ሰው ድምፁ ጠፍቷል፤ ከጩኸቱ ብዛት ነው። በእውቀቱን አዎ፣ ተሸክመውታል፤ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፣ ዘፈኑ ከደመቀ በኋላ። ከዚያ በፊት አላስተዋለም፤ መቶ ሰው ነበር። ከሮቤ ጎባ ደግሞ በመኪና የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። «ካርዱ ሲወጣማ» አለ ሳይጠየቅ፣ «ሰባት ብርጭቆ ነው የተሰበረብኝ።»

ለአንድ ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወለተሥላሴ ስልኳን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ዓብዱልፈታሕ መሬት መሬት ያያል። በእውቀቱ እንደ ቅድሙ ተስተካክሎ ተቀምጧል። መሳይ በሩ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ሁለት ፖሊሶች አሉ። ዙሀይራ ስቶፕዎቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። አሁንም እየቆጠረ ነው።

«ይህ ሰዓት የተነሣው ልክ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው፤ ከስልኬ ላይ ቀንሼ አገኘሁት። ፕሮግራሙም ያንኑ ይላል። አሠልጣኝ ደጀኔ ከአርባ አምስት ሰኮንድ በኋላ ሊያቆመው ነበር፤ አላቆመውም። የሞተው እዚያ መሐል ነው።»

ደብተሯን ገለጠች።

«ገዳዩ መነሻው ላይ የነበረውን ብረት አንሥቶ መታው፤ ከዚያ ወስዶ በምስማሩ ሰቀለው። ሲሰቅለው ቡሎኑን አላልቷል። እትዬ ወለተሥላሴ፣ እርስዎ ይህን ሕግ ያውቁታል?»

«ብረቱን ነክቼው አላውቅም።»

«ዓብዱልፈታሕስ?»

«የምን ቡሎን?» አለ ዓብዱልፈታሕ።

«መሳይ ያውቀዋል» አለ በእውቀቱ ቀስ ብሎ። «አትሌቶቹም።»

«እውነት ነው። መሳይ ሻይ ቤት ሲጮህ ሰዎች ሰምተውታል። አትሌቶቹም እዚያው ከጎኑ ነበሩ። ብረቱ ብቻ ቢሆን አልፈርድብዎትም ነበር።» ወደ እሱ ዞረች። «ዛሬ ስለ ሩጫው ብዙ ሰው ሰማሁ። መሳይ ከቀይ ካርዱ ጀመረ። እትዬ ከካርዱ። ዓብዱልፈታሕ ከካርዱ። የጎባው ሻይ ቤት ባለቤት ሳልጠይቀው ስለ ካርዱ አወራኝ። እኔ ራሴ ሻዬን ቀሚሴ ላይ ደፍቻለሁ። በቀጥታ ያየ ሰው ሁሉ ያችን ሰዓት አይረሳትም። በቴሌግራም የተበተነው ቪዲዮ ግን ሌላ ነው፤ ከሁለተኛው ተኩስ ይጀምራል። እርስዎም ከዚያ ጀመሩ።»

«ረስቼው ነው።»

«ቱፋ ሊባረር የመሰለበትን ደቂቃ? አሠልጣኙ?»

በእውቀቱ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«የመጀመሪያው ተኩስ ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ ነው» አለች ዙሀይራ። «በዚያች ደቂቃ ከቴሌቪዥን ፊት ያልነበረው ሰው ሜዳው ላይ ነበር።»

«ልጠይቀው ነው የሄድኩት» አለ በእውቀቱ። ድምፁ ቅድም ስለ ሩጫው ሲያወራ የነበረው ያው ድምፅ ነው። «አንድ ነገር። ቱፋ ከማጣሪያው በኋላ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው ጋሽ ደጀኔን ብቻ አመሰገነ። ዛሬ ካለፈ ስሜን እንዲጠራ ንገረው ልለው ነው። በሰው ፊት ማለት ስላሳፈረኝ ብቻውን የሚሆንበትን ሰዓት መረጥኩ። ስደርስ ዓይኑን ጨፍኗል። ነገርኩት። ‹ዝም በል፣ ልጁ እየሮጠ ነው› አለኝ። ዓይኑን እንኳ አልገለጠልኝም። ከኋላው ነበርኩ፤ ብረቱ እግሬ ሥር ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ብረቱን ሰቀልኩት። ለምን እንደሰቀልኩት አላውቅም። ሁልጊዜ የምሰቅለው እኔ ነኝ።»

«ልጁ እየሮጠ አልነበረም» አለች ዙሀይራ። «መልሰው ጠርተዋቸው ነበር። እስከ ሁለተኛው ተኩስ አራት ደቂቃ ቆመዋል።»

«አራት ደቂቃ» አለ በእውቀቱ።

ወለተሥላሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችው። አሥራ አንድ ዓመት ቤቷ እየገባ የበላ ሰው ነው። «አርባ አምስት ሰኮንድ ብትጠብቀው» አለችው፣ «ሰዓቱን አቁሞ ዓይኑን ይገልጥልህ ነበር። አንተን መስማት እምቢ ብሎ አያውቅም።»

ስልኩ ጮኸ። በእውቀቱ ከልማድ እጁን ወደ ስልኩ ዘረጋ፤ ወዲያው ሰበሰበው።

«አውጡት» አለች ወለተሥላሴ። «ድምፁን እንዳይሰማው።»

ፖሊሶቹ አወጡት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ድምፁን ከፍታ አነሣችው።

«እማ ወለቴ፣ አለፍኩ» አለ ቱፋ። እየሳቀ ነው። «ካርዱን አያችሁት? ነፍሴ ነው የወጣችው። ጋሼ አሉ? ስንት አሉ?»

«አላቆመውም።»

«እንዴት?»

«ቱፋ፣ ተቀምጠሃል? ተቀመጥ።» ነገረችው። ማን እንደገደለውም ነገረችው፤ አልደበቀችም፣ አላለሰለሰችም። ዓብዱልፈታሕ ፊቱን በፎጣው ሸፍኖ ያለቅስ ጀመር። እሷ ግን አላለቀሰችም፤ እንባው የት እንደሄደ ራሷም አታውቅም።

ከዚያ ቱፋ በሌላ ድምፅ ጠየቀ፤ «ሰዓቱ የት ነው?»

«እዚህ ጠረጴዛው ላይ።»

«ይሄዳል?»

ወለተሥላሴ ዙሀይራን አየቻት። ዙሀይራ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። «ይሄዳል» አለች።

«ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላው ወደ ዜሮ ተመልሶ ይቀጥላል» አለ ቱፋ። «ጋሼ ናቸው የነገሩኝ። አታቁሙት። እሁድ እስክጨርስ አታቁሙት። ከዚያ እማ ታቁመው።»

ዙሀይራ የኤግዚቢት መመዝገቢያውን ቅጽ አውጥታ ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ደንቡ ዕቃው በፖስታ ታሽጎ ሳጥን ይግባ ይላል። ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንሥታ በወለተሥላሴ መዳፍ ላይ አኖረችውና ጻፈች፤ «ስቶፕዎች፣ አንድ። እየሠራ ያለ። እስከ እሁድ በባለቤቱ እጅ ይቆያል።» ፈረመችበት።