በቆቃ ሐይቅ ላይ የታየው ሙቀት

ይህን ታሪክ ፈጠራ ነው የምትሉ አትጠፉም። በሉ፤ አልቀየማችሁም። እኔም ዱሬቲን ባላውቃት ኖሮ እንደ እናንተው ስቄ አልፈው ነበር።

ግን አውቃታለሁ። አዳማ ውስጥ አንድ ግቢ ተከራይተን ነው የኖርነው። የነገረችኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ።

የሆነው እሁድ ጠዋት ሁለት ሰዓት አካባቢ ነው። ጨለማ የለ፣ ጫካ የለ። ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታለች።

ቦታው ቆቃ ሐይቅ... ከሰማይ ላይ።

ዱሬቲ የአየር ላይ ሴንሰር ኦፕሬተር ሆና ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነበር። ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ከአብራሪው ኋላ ትቀመጥና ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር የተገጠመውን የሙቀት ካሜራ ትቆጣጠራለች። ስክሪኑ ላይ የሞቀ ነገር ነጭ ነው፤ የቀዘቀዘ ጥቁር። ድርጅቱ ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም ከላይ እያነሳ ካርታ ይሠራል።

ሰፈሩ ሁሉ "ፓይለቷ መጣች" እያለ ይቀልድባት ነበር። "ኧረ እኔ ካሜራ ነው የምነካካው" ብትል ማን ሰምቷት!

ያሠለጠነቻት ዋፊቃ የምትባል ቁጡ ሴት ነበረች። አንድ ነገር ላይ ቀልድ አታውቅም።

"ሙቀት አየሁ በሉ። ሰው አየሁ እንዳትሉ!"

ከላይ ሲታይ ጉማሬም ነጭ ነው፣ ጥጃም ነጭ ነው። ኦፕሬተሩ "ሰው" ካለ ግን ታች ዳር ላይ ያሉት ሰዎች ለነፍሳቸው ሳይሳሱ ውሃ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ይዞራል፣ በዓይን ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰው የሚባለው።

ዱሬቲ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ችግሩ... በዚያ እሁድ ሐይቁ ውስጥ ያለው ወንድሟ ነበር።

ጉቱ ዓርብ ጠዋት ዓሣ ሊያሰግር ወጥቶ አልተመለሰም። ጀልባው ተገልብጣ ተገኘች። እሱ የለም። እናታቸው አዴ ቀመሪያ ከሐይቁ ዳር አልነሳም ብለው ሁለት ሌሊት እዚያው አደሩ። እህል በአፋቸው አልዞረም። ሌላው ሰው ሬሳው እስኪንሳፈፍ ነበር የሚጠብቀው። እሳቸው ግን የሚጠብቁት ልጃቸውን ነው።

ዱሬቲም እንደ እናቷ ናት። ለፍለጋ የወጣው አውሮፕላን ገና ሐይቁ ላይ ሲደርስ ለመነች።

"ካፒቴን... ከደንገሉ በኩል እንጀምር። እባክዎ።"

አብራሪው ካፒቴን መርጋ ዞር ብሎ አያት።

"እሺ" አለ ቀስ ብሎ። "ግን ተስፋ አታብዢ፣ እህቴ።"

ስክሪኑ ጥቁር ነው። ውሃ... ውሃ... አሁንም ውሃ። አንድ ቦታ ላይ የወፎች መንጋ እንደ ተበተነ ሩዝ ነጭ ነጭ አለና አለፈ።

ከዚያ ደንገሉ መሃል አንድ ነጥብ ታየ።

አቀረበችው።

ራስ አለው። ትከሻ አለው። ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሟል።

ቀና ብሎ አውሮፕላኑን ያያል።

ዱሬቲ ጊዜ አላጠፋችም። ስልኳን ከሄድሴቱ ሥር ሸጉጣ ኦቦ ጃዕፈር ጋ ደወለች። ኦቦ ጃዕፈር ከሁለት ጎረምሶች ጋር የሞተር ጀልባ አዘጋጅተው ዳር ላይ የሚጠብቁ አንጋፋ ዓሣ አስጋሪ ናቸው።

"ሰው አየሁ! ጉቱ ነው! በሕይወት አለ!"

"ዱሬቲ!" አለ ካፒቴኑ። "ቆይ፣ መጀመሪያ ዝቅ ብዬ ልዙርልሽ..."

ማን ይሰማዋል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው።

ጀልባዋ ተነሳች። በጥቁሩ ውሃ ላይ ሦስት ነጭ ሰዎች ይታያሉ።

"ወደ ቀኝ... ትንሽ... አዎ፣ እዚያ ጋ!"

"እዚህ ምንም የለም፣ ልጄ።"

"አጠገብዎ ነው! ጀልባዋን ይዟል እኮ!"

"ወላሂ ምንም የለም። ውሃ ብቻ ነው።"

ስክሪኑ ላይ ግን ነጩ ሰው ጀልባዋ ላይ ወጣ።

ጀልባዋ አልተወዛወዘችም።

ያኔ ነው ዱሬቲን አንድ ነገር ሸንቆጥ ያደረጋት። ሁለት ሌሊት ውሃ ውስጥ ያደረ ሰው ገላው ይቀዘቅዛል። ስክሪን ላይ ደብዘዝ ማለት ነበረበት። ይሄ ግን... ከሦስቱም ሰዎች ይበልጥ ያበራል።

ነጩ ሰው አንደኛው ጎረምሳ አጠገብ ተቀመጠ። ክንዱን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

ጎረምሳው አመድ መሰለ።

ከዚያ ጠቆረ።

ቀጥሎ ሁለተኛው...

"ኦቦ ጃዕፈር! ዝለሉ! ከጀልባዋ ውጡ!"

ስልኩ ውስጥ የሞተሩ ድምፅ የለም። የውሃው ድምፅም የለም።

ኦቦ ጃዕፈርም ጠቆሩ።

"ምንም የለም፣ ልጄ" አሉ። "እየተመለስን ነው።"

ድምፁ የእሳቸው ነው። ትንፋሽ ግን የለውም።

"ምንም የለም፣ ልጄ። እየተመለስን ነው።"

ዱሬቲ ዓይኗን ከስክሪኑ ነቅላ በመስኮት ወደ ታች አየች። ሦስቱ ሰዎች ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የሚቀዝፍ የለም። የሞተሩን እጀታ የያዘ የለም። አራተኛ ሰው ጭራሽ የለም።

ጀልባዋ ግን ትሄዳለች... ወደ ዳር፣ አዴ ቀመሪያ ወዳሉበት።

"ካፒቴን፣ ይረፉ! በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይረፉ!"

"የት ልረፍ፣ ዱሬ? ረግረግ ነው!"

እውነቱን ነው። ማኮብኮቢያው ሩቅ ነው። ከሰማይ ላይ ሁሉን ታያለች፣ ምንም ማድረግ ግን አትችልም። ኦቦ ጃዕፈር ያንኑ ቃል እየደጋገሙ ስለነበር ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘግታ እናቷ ጋ ደወለች።

ይጠራል... ይጠራል...

ጀልባዋ ዳር ደረሰች። አዴ ቀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ ከተቀመጡበት ተነሱ። ሻሻቸው ከራሳቸው ወደቀ። ግድም አልሰጣቸው። እጃቸውን ዘርግተው እስከ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ገቡ።

በመስኮት ሲታዩ ባዶ አየር አቅፈዋል።

በስክሪኑ... ሁለት ነጭ ሰዎች ተቃቅፈዋል።

"አዮ፣ አንሺው!" ዱሬቲ ታንሾካሹካለች፤ መጮህ አቅቷታል። "አዮ... እናቴ... ስልኩን አንሺው..."

የእናቷ ጣቶች መጀመሪያ ደበዘዙ። ከዚያ እጃቸው። ከዚያ እስከ ክርናቸው።

ስልኩ ተነሳ።

"አዮ! ልቀቂው! እሱ ጉቱ አይደለም! ልቀቂውና ሩጪ!"

እናቷ አልሰሟትም። በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይስቃሉ። እየሳቁ ያለቅሳሉ።

"ልጄ... ወንድምሽ መጣልኝ። አልሃምዱሊላህ! ገላው እንዴት እንደሚሞቅ ብታዪ..."

"አዮ..."

"እንደ ሕፃንነቱ ነው የሚሞቀው፣ ዱሬ።"

ስክሪኑ ላይ ጥቁሩ ትከሻቸውን አልፎ አንገታቸው ጋ ደረሰ።

አዴ ቀመሪያ ቀጥለው የተናገሩት በጣም ቀስ ብለው ነው፣ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው።

"...እኔን ግን ምነው በረደኝ?"